ከማጣሪያ ወደ ማጣጣሪያ

«ሞተር መተንፈስ አለበት!» አለን ጀግናው። ስሙት እንግዲህ። ሰኔ ላይ የሞተር ብስክሌቱን፣ ከፋብሪካ የመጣውን የአየር ማጣሪያ ከነሳጥኑ ነቅሎ ጣለ። በምትኩ ካርቡራተሩ አፍ ላይ ኮን የሚሉትን ቀይ ክፍት ማጣሪያ ሰካ። ሐምሌ ላይ ዶፉ መሐል ዳር ይዞ ቆመ። ተንፍሷል፤ አልዋሸም። ጎማም ሲተነፍስ እናውቃለን። የተነፈሰ ነገር ግን አይነዳም፤ ይገፋል።

እናንተ ታዛ ሥር የተጠለላችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚሁ ፍረዱን። ይኼ ሰው ዝና ፍለጋ ወጥቶ ዝናብ ያገኘ ነው። ማጣሪያ አውልቆ ማጣጣሪያ የገጠመ ነው። የዕቃው ስም ኮን፣ ሥራው መኮነን።

«ጉልበት ይጨምራል» ይላል ደግሞ። መች ካድን? ጨምሯል እንጂ፤ ያንተ። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ ከመቶ ኪሎ በላይ ብረት በዝናብ ሲገፋ ያልጨመረ ጉልበት መቼ ሊጨምር ነው? ለጂም በየወሩ የሚከፍሉ ሰዎች አሳዘኑኝ። አንተ በአንድ ኮን ደረትም፣ ባትም፣ ክንድም ሠራህ። የሞተሩ ጉልበት ግን ባለበት ነው። ባለበት ቢቆይማ በታደልን።

«ድምፁን አልሰማችሁም እንዴ?» ሰማን እንጂ! ሠፈሩ በሙሉ ሰማ። አራስ ቤት ያለው ሕፃን ሰማ። መስማት የተሳናቸው ጋሼ እንኳ መስኮታቸው ሲንቀጠቀጥ አይተው «ምን መጣ?» አሉ። ግን ወንድሜ፣ ያ የጣልከው ሳጥን ማጣሪያ ብቻ አልነበረም። ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያወጣውን ጩኸት ውጦ የሚያስቀርም እሱ ነበር። ሳጥኑ ሲሄድ ጩኸቱ አደባባይ ወጣ። አዲስ ጉልበት አልመጣም፤ የድሮው ገመና ነው የተገለጠው። አንተ ደግሞ «የፈረስ ጉልበት ጨመረልኝ» አልክ። ፈረሱ ያው ነው። የጨመረው ማሽካካቱ ነው።

«ሳጥኑ ያፍነዋል!» እሺ፣ ፋብሪካው ታዲያ ለምን አፈነው ብንለው፣ መልሱን ስሙልኝ፤ «እነሱ አያውቁም።» በቃ። ሆንዳ አያውቅም። ያማሃ አያውቅም። ባጃጅ አያውቅም። ቲቪኤስ አያውቅም። የሚያውቀው በአንድ ካቻቢቴ ሳጥኑን ነቅሎ አልጋ ሥር የወረወረው የኛ ሰው ብቻ ነው። ጃፓን ይህን ጭንቅላት ሳትቀጥር በመቅረቷ ምን ያህል ተጎዳች!

እስኪ ያን አልጋ ሥር ያለ ሳጥን እንየው። ከመቀመጫው በታች የሚሸጎጥ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። መልክ የለውም፣ ለፎቶ አይሆንም። አፉን ግን ዝናብ በቀጥታ በማያገኘው በኩል ከፍ አድርጎ ነው የከፈተው። ውሃ ሾልኮ ቢገባ እንኳ ሆዱ ግርጌ ይተኛል፤ እዚያም ጫፏ የተወተፈች ቀጭን ቱቦ አለች፣ ውታፏን ነቅለህ ታፈሳለህ። ከዚያ ወዲያ ማጣሪያው አለ። ከማጣሪያው ጀርባ የረጋና የደረቀ አየር አለ። ካርቡራተሩ የሚጠጣው እሱን ነው። ሳጥኑ የሞተርህ የዝናብ ልብስ ነበር። አንተ የሱን አውልቀህ ጣልክና ለራስህ አዲስ የዝናብ ልብስ ገዛህ። ፍቅር እንዲህ ነው እንጂ!

«የአየሩን መንገድ ነው ሰፋ ያደረግሁለት» ይላል አሁንም። አየር መንገድ ማስፋፋቱን ቦሌ ላሉት ተውላቸው። እነሱ ዝናብ ቢዘንብም ይበራሉ። አንተ ዝናብ ሲዘንብ ታርፋለህ።

ደግሞ «ጄት ሆነ እኮ!» ትላለህ። ጄትን ካነሳህ አይቀር፣ ና። ካርቡራተሩ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች። መሐሏ ቀዳዳ ነው፤ ቤንዚን በዚያች ቀዳዳ እየተለካ ይገባል። ስሟ ማን ይመስልሃል? ጄት። ቀዳዳዋ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ነው፤ ፋብሪካው ለክቶ የበሳትም ለዚያ ሳጥን አየር ነው። አንተ አየሩን ለቀቅከው፣ ቤንዚኑን ባለበት ተውከው። ድብልቁ ቀጠነ። ቀጭን ድብልቅ ሞተር ያግላል። ጋዝ ስትለቅ ደግሞ ያልነደደው ቤንዚን ማርሚታ ውስጥ ገብቶ «ጧ! ጧጧ!» ይላል። ይቺን «የእሽቅድምድም ድምፅ» ብለህ ለልጆች አስተዋወቅሃት። ወዳጄ፣ የሚፈነዳው ብርህ ነው። ለበዓል ርችት የሚተኩሱት እንኳ በዓመት አንዴ ነው፤ አንተ በየመብራቱ። እና «ጄት ሆነ» ያልከው ሞተር፣ ጄቱ የድሮው ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ እንግባ። አንተማ ቀድመህ ገብተሃል።

«ዝናብ ምን ያደርገዋል?» አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። የአዲስ አበባ ዝናብ እኮ ነው! በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የዓመቱን ግማሽ ሊያወርድ ምንም የማይቀረው። ኮኑ የት ነው የተንጠለጠለው? ከሞተሩ ኋላ፣ ከጭንህ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት። ከላይ ሰማይ ያፈስበታል። ከፊት የፊት ጎማህ ይረጭበታል። ከኋላ የራስህ ጎማ ጭቃ ያጎርሰዋል። ከጎን ሚኒባሱ ኩሬውን አንስቶ ያለብሰዋል። ረዳቱ ደግሞ በመስኮት ብቅ ብሎ «ይቅርታ!» ይላል፤ እየሳቀ። ሞተረኛ ሆነህ ወጥተህ ጭቃ ሹም ሆነህ ገባህ።

ጎርፍ የሚሻገሩትን ላንድክሩዘሮች አይተሃል? አየር የሚስቡበትን ቱቦ በፊት መስታወቱ ጥግ አሻግረው ጣሪያ ላይ ሰቅለውታል። ያን የሚያህል መኪና አፍንጫውን ከውሃ ለማራቅ ጣሪያ ላይ ወጣ። አንተ የሞተርህን አፍንጫ ጉልበትህ ሥር አወረድከው። ጉልበት ያልከው ለካ ይኼን ኖሯል!

ኮኑ ወረቀት ከሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይዘጋል። ዘይት የተቀባ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ከሆነ ካፊያውን ይመልሳል፤ ለዚህ ምስክርነት አልነፍገውም። ዶፍ ሲመጣ ግን ውሃው በቃጫዎቹ መሐል ይጋረዳል፤ አየር ማለፊያ ያጣል። አየር ሲያጥር ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። አያችሁ ጉዱን? ኮኑ ሲደርቅ ድብልቁ ቀጠነ። ሲረጥብ ወፈረ። ጠዋት ከስቶ የወጣ ሞተር ከሰዓት ቦርጭ አውጥቶ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሞተር ማን መካኒክ ያስተካክለዋል? ሲያስተካክለው ደርቆ፣ ሲያስረክብህ ረጥቦ! ክርክርህ ውሃ አያነሳም፤ ኮንህ ግን ሲያነሳ ለጉድ ነው።

«ለሱ መላ አለኝ» አለ። ኪሱ ገባ። ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ፌስታል! ወገን፣ ፌስታል! ሞተሩ እንዲተነፍስ ብር ከፍሎ፣ እንዳይተነፍስ ፌስታል አለበሰው። «ሳጥኑ አፈነው» ያለው ሰው እኮ ነው። ሳጥን አፋኝ ሆነ፤ ፌስታል ነፃ አውጪ። ፌስታሉም ሥራውን ያውቃል። ሞተሩ አንዴ ሲስብ ተስቦ ኮኑ ላይ ጥብቅ ይላል፤ ጸጥ! እንዲህ ያለ ጸጥታ ከኮኑ በኋላ ሠፈሩ ሰምቶ አያውቅም። ጎረቤቶች ፌስታል በነፃ ለማቅረብ ተስማምተዋል።

ነቃ ያሉት ስቶኪንግ ያለብሱታል። እውነት ለመናገር ከፌስታሉ በብዙ ይሻላል፤ የሚረጨውን ጭቃና ትልልቁን ጠብታ ያስቀራል፣ አየርም ያሳልፋል። ግን ሥዕሉን ተመልከቱት። ሞተሩ ስቶኪንግ አድርጓል፤ ጌታው እርጥብ ካልሲ። ቤት ውስጥ «ስቶኪንጌን ማን ወሰደው?» ተብሎ ጠብ ሲነሳ ምን ልትል ነው? «ለሌላ ነው የወሰድኩት» በላ! ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ይቀልሃል።

«ውሃ ቢገባስ? ተቃጥሎ ይወጣል!» ይቺን ያልካት ለታ ገና ጋራዥ አልገባህም ነበር። የጋራዡ ልጅ ተንበርክኮ የካርቡራተሩን ሥረኛ ጎድጓዳ ፈታ። በአሮጌ የቀለም ክዳን ላይ ቀስ አድርጎ ገለበጠው። ከላይ ቤንዚኑ ስስ ሆኖ ተኛ። ከሥሩ ግን ድብልብል ያሉ ጠብታዎች ወዲያ ወዲህ ይንከባለላሉ፤ ክዳኑን ሲያዘነብል ተያይዘው አንድ ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ፤ ከቤንዚኑ ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። ልጁ በትንሽ ጣቱ ነካ አድርጎ «ይኸው ጉልበትህ» አለ። እኔ አላልኩም። ተረብ ከጋራዥ ይማሩታል።

ነገሩ ቀላል ነው። ቤንዚን ከውሃ በሩብ ያህል ይቀላል፤ ስለዚህ ውሃው ሥር ይወርዳል። ጄቷም የምትጠጣው ከሥር ነው። አንዳንድ ካርቡራተሮች ጎድጓዳቸው የሚናፈስበት ቀዳዳ አፋቸው ላይ ነው ያለው፤ ድሮ ከሳጥኑ ደረቅ አየር የሚያገኘው ያ ቀዳዳ አሁን ከእርጥብ ኮን ጋር ፊት ለፊት ተፋጧል። ጠብታ በጠብታ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ትንሽ ይስላል፣ ትስቃለህ። ከዚያ ያነጥሳል፣ ትስቃለህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በመጨረሻ ጄቷ አንድ ጉንጭ ውሃ ትጎነጫለች፤ ሞተሩ አደባባዩ መሐል ቀጥ። «ብሩን ውሃ በላው» ሲሉ ተረት ይመስልህ ነበር።

«ትንሽ ውሃ እኮ ናት!» ትንሽ? የቡና ሲኒህን አምጣት። ያንተ ሞተር 150 ሲሲ ነው አይደል? የመጭመቅ ልኩ 9.5 ለ 1 ነው እንበል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ ወደ 18 ሚሊ ሊትር ግድም ነው፤ ያቺን ሲኒ ሩቧን ቢሞላ ነው። አየር ይጨመቃል። ውሃ አይጨመቅም፤ ማንንም አይፈራም። ከሩብ ሲኒ የበለጠ ውሃ ከገባ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ግድግዳ ያገኛል። ያን ጊዜ ቢየላው ይታጠፋል፤ አንተም እጅህን አጣጥፈህ ትቆማለህ። ካፊያ ይህን አያደርግም፤ አላስፈራራህም። ድልድይ ሥር የተኛውን ጎርፍ «እሻገራለሁ» ብለህ በኮን ስትገባበት ግን ሲኒዋ ትሞላለች። እዚያ ጠፍቶብህ እንደሆነ እስታርተሩን አትደጋግምበት። ካንዴላውን ፈትተህ ውሃውን አስተፋው። ይቺን በነፃ ነው የነገርኩህ፤ ኮኑን የሸጠልህ ሰው ቢሆን ያስከፍልህ ነበር።

ስለ ሻጩ ካነሳን፣ አየር በአየር ንግድ ሲባል ሰምቼ ነበር። ዓይኔ አይቶ ያመንኩት ግን ኮኑን የገዛህ ቀን ነው። ሰውዬው አየር ሸጠልህ። አንተም ደረሰኝ ሳትጠይቅ ስበህ ወጣህ።

አሁን አንገቱን ቀና አደረገ። የመጨረሻ ካርታውን መዘዘ። «ቀዝቃዛ አየር ግን ጉልበት ነው! ክረምት ላይ ሞተር ይበረታል!» አቤት! አጨብጭቡለት። የምሬን ነው፤ ይቺ እውነት ናት። አየር ሲቀዘቅዝ ይታመቃል። ከ20 ዲግሪ ወደ 10 ሲወርድ በዚያው ሥፍራ ወደ 3.5 ከመቶ ተጨማሪ አየር ይያዛል። አጨብጭባችሁ ጨረሳችሁ? እንግዲህ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሞተርህ ጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ ከነበረው የአየር ግፊት እዚህ እስኪደርስ ሩብ ያህሉን አጥቷል። እንጦጦ ስትወጣ ሲሶ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሩቡን መንገድ ላይ ተዘርፈህ፣ ሦስት ከመቶ ተመለሰልኝ ብለህ ድግስ ትደግሳለህ! ሳጥኑ ቢኖርም ብርዱ ያችኑ ሦስት ከመቶ ያመጣልህ ነበር እኮ። ብርድ ለኮን ለይቶ አይነፍስም።

ብርዱ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይሰርቃል። የካርቡራተሩ ጉሮሮ ከውጭው አየር ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። የሐምሌ ጠዋት 10 ዲግሪ ነው፤ አየሩም ውሃ ያዘለ ነው። ሒሳቡን ሥራው። ከዜሮ በታች! በአየሩ ውስጥ ያለው ርጥበት ጉሮሮው ላይ በረዶ ይሠራል። ሳጥኑም ቢሆን ፈጽሞ ያድናል አልልህም፤ ግን አየሩን በደረቅ ሆድ አሳልፎ ይሰጥ ነበር። አንተ የራሰ ጥጥ አልብሰህ ታጠጣዋለህ። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ይኼን ሞክረው፤ ሞተርህ ይንገዳገዳል፣ ይጠፋል። ወርደህ ትሳደባለህ። ጥቂት ስትቆይ የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ስትነካው ቀጥ ብሎ ይነሳል። ጋራዥ ስትደርስ ምንም የለም። ሌባው ቀልጦ ጠፍቷል። አንተም «ሞተሬን ቡዳ በላብኝ» ብለህ ጠበል ትጠይቃለህ። የፒስተን ሞተር ያላቸውን አውሮፕላኖች የሚያበሩት ይህን በረዶ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ለካርቡራተራቸው ማሞቂያ እጀታ አላቸው። አንተ ያለህ ስቶኪንግ ነው።

«ውጭ አገር ሁሉም እንዲህ ነው የሚነዳው! የእሽቅድምድም ሞተሮችን አላያችሁም?» አይተናል። አንተ ነህ በደንብ ያላየኸው። የዛሬዎቹ የእሽቅድምድም ሞተሮች ሳጥኑን አልጣሉም፤ አሳደጉት፣ አሸጉት፣ አፉን ወደ ፊት አዞሩት። ካዋሳኪ በ1990 እ.ኤ.አ. ዜድዜድአር 1100ን ለገበያ ሲያወጣ ነፋሱን ከፊት ተቀብሎ ወደ ታሸገ ሳጥን የሚያስገባ ቱቦ ገጠመለት። ሳጥን ወዳጄ፣ ሳጥን! ፈጣኖቹ ሳጥን ጨመሩ፤ ያልፈጠንከው አንተ ሳጥን ቀነስክ።

«ያው እኔም ነፋሱ ይገፋልኛል!» የት ላይ? ከእግርህ ጀርባ ተሸሽገህ? እሺ፣ ከፊት ነው ያለው ብለን እንለፍልህ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ የሚመታህ ነፋስ ቢበዛ ቢበዛ የሚጨምረው ግፊት ከሺህ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ከሺህ! በመቶም አይደለም። ያም ቀለበት መንገዱ ተለቆልህ ነው። መገናኛ አካባቢ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ስትጎተትማ ነፋሱ ራሱ ቀድሞህ ያልፋል። ነፋሱን ብለህ ነፍሱን አወጣኸው።

ደግሞ ስለ ውጭ አገር ካወራን አይቀር ሆንዳ ካብን እናንሳ። ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ በ2017 እ.ኤ.አ. 100 ሚሊዮን ደርሷል። በእስያ ዝናብ ሥር ስንቱን ቤተሰብ ከነዶሮው የሚያመላልስ ሞተር ነው። የገጠሩን የግብርና ባለሙያ ያማሃ ኤጂም ተመልከት፤ ያማሃ ሰንሰለቱን ሳይቀር በሽፋን ከተተው፣ ጭቃ እንዳይነካው። ለሰንሰለት ካፖርት ያለበሰ ሰው አለ፤ አንተ ሳንባውን ራቁቱን አወጣኸው። ባለሙያው ጭቃውን አቋርጦ ገበሬው ማሳ ደርሶ፣ አስተምሮ፣ ቡና ጠጥቶ ተመልሷል። አንተ አስፋልት ላይ «እስኪ ግፉኝ» ትላለህ።

አሁን ኮን የሚባል ነገር ከምድር ይጥፋ አልተባለም። ደረቅ ሜዳ ላይ የሚሽቀዳደም፣ ጄቱን በልኩ የቀየረ፣ ካንዴላውን እያወጣ ቀለሙን የሚያነብ፣ ማታ ኮኑን አጥቦ ዘይት የሚቀባ ሰው ቢገጥም ኮፍያዬን አነሳለታለሁ። አንተ ግን ፒዛ ነው የምታደርሰው። በዝናብ። ፒዛውን በፕላስቲክ ጠቅልለህ፣ ሞተሩን ገልጠህ። ደንበኛውም ትኩስ ፒዛ አዝዞ የቀዘቀዘ ሞተረኛ ይረከባል።

«ክረምቱ ሲያልፍ ታዩኛላችሁ!» ይላል ደግሞ። ክረምቱ ሲያልፍማ አቧራው ይመጣል። ርካሹ ኮን አቧራውን በአግባቡ አያጣራም፤ ያስተናግደዋል። ደቃቁ አሸዋ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይሞርደዋል። ጥር ሲደርስ ማርሚታህ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፤ ሠፈሩ «ማን ሞተ?» ይላል። እውነትም የሞተ አለ። ክረምቱን ጋራዥ የከረመ ሞተር፣ በጋውን ቴስታታው ተከፍቶ ይባጃል።

እና ፍርዱ ይኸውና። አልጋ ሥር ያለውን ሳጥን አውጣው። አይጥ ገብታበት እንደሆነ አስፈቅደህ አስወጣት። እጠበው፣ አድርቀው፣ አዲስ ማጣሪያ አስገባበት፣ የላስቲክ መጋጠሚያው እንዳልተሰነጠቀ እይ፣ የግርጌዋን ቱቦ ውታፍ መልስ። የካርቡራተሩን ጎድጓዳ አስፈትተህ አስጠርግ። ኮኑን ምን ላድርገው ካልክ፣ ለልደት የምትሆን ቀይ ቆብ ናት፤ ለልጅህ አድርግለት።

ያገለገለ ሞተር ለመግዛት የምትዞሩም ስሙኝ። ቀለሙንና ጎማውን ከማየታችሁ በፊት መቀመጫውን አስነሱ። ሳጥኑ ካለ ከፍታችሁ ማጣሪያውን እዩ። ከሌለ የት እንዳደረሰው ሻጩን ጠይቁት። «ቤት አለ» ካለ ይዞ ይምጣ። «ጣልኩት» ካለ የሳጥኑን፣ የማጣሪያውንና የፋሻውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ አስቀንሱ።